ሦስተኛውን ክር ከማዘዛችሁ በፊት፦ ባለሦስት ክር ዲኤንኤን የመምረጫ መመሪያ

መጀመሪያ ያዘዝኳትን ሦስተኛ ክር፣ ማለትም ድርቡ ዲኤንኤ ላይ ሄዳ እንድትጋደም የተሠራችውን አጭር ክር፣ ውሃ በላት። ለአባባል ያህል አይደለም፤ በእውነት የበላት ውሃው ነው።

ክሯ ወረቀት ላይ እንከን አልነበራትም። ዒላማዋን ፊደል በፊደል ቆጥሬ ነው ያሠራኋት። በፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 5.5 ከድርቡ፣ ማለትም ከተለመደው ባለሁለት ክር ዲኤንኤ ጋር ሌሊቱን አሳደርኳት። ጠዋት ዲኤንኤን በኤሌክትሪክ እየነዳ የሚለይ ጄል ላይ ጫንኩ፣ ሁለት ሰዓት አስኬድኩ፣ መብራቱን አበራሁ። ድርቡ ዲኤንኤ ብቻውን ቁጭ ብሏል። ደገምኩት። ያው ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ የላቡ ነባር ሰው በትከሻዬ በኩል አየና "ባፈሩ ምንድን ነው?" አለኝ። "ቲቢኢ ነዋ!" አልኩት። ሳቀብኝ። ባፈር ጄሉ የሚሮጥበት፣ ፒኤቹን የሚያጸና ፈሳሽ ነው፤ የቲቢኢው ፒኤች 8.3 አካባቢ ነው። ውስጡ ያለው ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል ደግሞ ያገኘውን ማግኒዚየም ሁሉ ለቅሞ ይይዛል። ክሯ የምትወደው ግን አሲድና ማግኒዚየም ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሠራሁትን ጄሉ ውስጥ በደቂቃዎች አፍርሼዋለሁ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ "የትኛው ሦስተኛ ክር ይሻላል?" የሚለኝን ሰው መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ክሩ የሚኖረው ምን ውሃ ውስጥ ነው? በዚህ ጽሑፍ ያሉትን አማራጮች አንድ በአንድ አያለሁ። ምርጫውን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ ክሩ ሳይሆን ፒኤቹ፣ ጨውና ዒላማው ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሹሩባ አይደለም

"ባለሦስት ክር" ሲባል ብዙ ሰው ሹሩባ ይታየዋል። ሦስት እኩል ዘለላ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተሻገረ። ሊነስ ፖሊንግና ሮበርት ኮሪ በ1953 መጀመሪያ ያሳተሙት ሞዴልም ሦስቱን ክሮች እንደ እኩዮች የሚያይ ነበር። ፎስፌቶቹን (የክሩን ጀርባ) መሃል፣ ቤዞቹን (ፊደሎቹን) ደግሞ ወደ ውጭ አደረጉ። ስህተት ነበር። ፎስፌት አሉታዊ ሙሌት (ቻርጅ) አለው፤ ሦስት ክር ሙሉ አሉታዊ ሙሌት መሃል ላይ ብታጭቁት ይገፋፋል እንጂ አይያያዝም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ዋትሰንና ክሪክ ድርቡን ጠምዛዛ ይዘው መጡ።

እውነተኛው ባለሦስት ክር የታየው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በ1957 ጋሪ ፌልሰንፌልድ፣ ዴቪድ ዴቪስና አሌክሳንደር ሪች ሰው ሠራሽ የአርኤንኤ ክሮችን ሲያዋህዱ፣ ማግኒዚየም ሲጨመር አንድ የ"አ" (አዴኒን) ክር ሁለት የ"ዩ" (ዩራሲል) ክሮችን እንደሚይዝ አዩ። እዚህ ላይ ሦስተኛው ክር እኩያ አይደለም፤ እንግዳ ነው። ቤቱ አስቀድሞ ተሠርቷል። ድርቡ ጠምዛዛ በጎኑ ሁለት ቦዮች አሉት፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። እንግዳው የሚጋደመው ሰፊው ቦይ ውስጥ ነው።

እንዴት ይያዛል? አዴኒንና ጉዋኒን፣ ማለትም ትላልቆቹ ፕዩሪኖች፣ ከጥንዳቸው ጋር በአንድ ፊታቸው ተጣምረውም ወደ ሰፊው ቦይ የሚያዩት ሌላ ፊት ይተርፋቸዋል። እዚያ ፊት ላይ 7ኛው ቁጥር ናይትሮጅን አለ። ካርስት ሁግስቲን በ1959 እና በ1963 ባሳተማቸው የክሪስታል ጥናቶች አዴኒንና ታይሚን በዚህ ፊት በሁለት የሃይድሮጅን ትስስር እንደሚያያዙ አሳየ። ስሙም ለአያያዙ ቀረ። ሳይቶሲንና ታይሚን፣ ማለትም ፒሪሚዲኖቹ፣ ግን ትናንሾች ናቸው፤ ወደ ቦዩ የሚያሳዩት ለሁለት ትስስር አይበቃም።

የምርጫው ሁሉ ሥር እዚህ ጋ ነው። እንግዳው መቀመጥ የሚችለው አንደኛው ክር በተከታታይ አዴኒንና ጉዋኒን ብቻ በሆነበት ቦታ ላይ ነው። በመሃል አንድ ሳይቶሲን ወይም ታይሚን ከገባ ክሩ ይንገዳገዳል። ሁለት ሦስት ከገባ እርሱት።

ሌላም አለ። ገመድ ላይ ሦስተኛ ክር ሲጨመር ገመዱ ይጠነክራል። እዚህ የተገላቢጦሽ ነው። ስታሞቁት መጀመሪያ ወጥቶ የሚሄደው ሦስተኛው ክር ነው፤ ድርቡ ደግሞ ከፍ ባለ ሙቀት ዘግይቶ ይለያያል። ለመግባትም ቸልተኛ ነው። ሁለት ነጠላ ክሮች ተገናኝተው ድርብ ከሚሠሩበት ፍጥነት ጋር ሲተያይ ሺህ ጊዜ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ ለግማሽ ሰዓት አቆይታችሁ "አልሠራም" አትበሉ። አሳድሩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ጣል ላድርግ። ሦስት ክር ያለበት ሁሉ ትሪፕሌክስ (እስካሁን ያየነው ባለሦስት ክር) አይደለም። "አር-ሉፕ" የሚባለው ውስጥም ሦስት ክር አለ። እዚያ ግን አርኤንኤው አንዱን የዲኤንኤ ክር ነጥቆ በተለመደው መንገድ ይጣመርና ሌላኛውን ብቻውን ይተወዋል። ቦይ ውስጥ የተጋደመ ማንም የለም። ተማሪዎች እነዚህን ሁለቱን ሲያምታቱ በተደጋጋሚ አያለሁ።

መጀመሪያ ዒላማውን

ለምሳሌ ይህችን የፕዩሪን ተራ (የፊደሎች ቅደም ተከተል) እንያት። አ ለአዴኒን፣ ጉ ለጉዋኒን፣ ሳ ለሳይቶሲን፣ ታ ለታይሚን ነው። ከ5 ፕራይም ወደ 3 ፕራይም (የክሩ ሁለት ጫፎች ስም ነው) እናነባታለን፦

አአጉአጉጉአአአጉአአጉአጉ

15 ቤዝ። 9 አ፣ 6 ጉ። ጉዋኒኖቹ ተበታትነዋል፤ ጎን ለጎን የተቀመጡት አንዴ ብቻ ነው፣ 5ኛውና 6ኛው። አጭር ናት ግን ለልምምድ ትበቃለች። ከዚህ ካነሰ ክሩ በቅጡ አይቆምም። ወደ 20 ከተጠጋ ደግሞ ደስ ይላል።

ለዚህች አንዲት ዒላማ ሦስት ዓይነት የዲኤንኤ ክር መንደፍ ይቻላል። ሁሉም ወረቀት ላይ ልክ ናቸው። ቱቦ ውስጥ ግን አንድ አይደሉም።

የፒሪሚዲን ክር፦ አሲድ የሚወድ

ይኼኛው ከታይሚንና ከሳይቶሲን ብቻ ይሠራል። በአ ፊት ታ፣ በጉ ፊት ሳ ታስቀምጣላችሁ። አቅጣጫው ከፕዩሪኑ ክር ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ አቅጣጫውን ሳትገለብጡ ፊደል በፊደል ትጽፉታላችሁ፦

ታታሳታሳሳታታታሳታታሳታሳ

ታይሚኑ ችግር የለበትም። ጣጣው ሳይቶሲኑ ነው። ጉዋኒንን በሁለት ትስስር ለመያዝ 3ኛው ቁጥር ናይትሮጅኑ ላይ አሲድ የሚሰጠው አንድ ተጨማሪ ፕሮቶን ያስፈልገዋል። ነጻ ሳይቶሲን ግማሽ በግማሽ ፕሮቶን የሚቀበለው ፒኤች 4.5 አካባቢ ነው። ቦዩ ውስጥ ሲገባ ፕሮቶኑን አጥብቆ ስለሚይዝ እስከ 6 ድረስ ይሄዳል። ወደ 7 ስትጠጉ ይላላል። ሴል ውስጥ ደግሞ ፒኤቹ 7.2 ገደማ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሳይቶሲኖች ሁለቱም አዎንታዊ ሙሌት ይዘው ስለሚገፋፉ ነገሩን ያብሱታል። የእኛ ዒላማ ላይ 5ኛውና 6ኛው ቦታ ላይ የምፈራው ይህንን ነው።

መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። ቀላሉና ርካሹ በሳይቶሲን ፈንታ 5-ሜቲልሳይቶሲን ማዘዝ ነው። ክሩን ያጠነክረዋል፣ የሚሠራበትንም ፒኤች ትንሽ ወደ ላይ ይገፋዋል። ተአምር ግን አይሠራም። ከዚያ ከፍ ሲል ኤልኤንኤ አለ፤ ስኳሩ በድልድይ ታስሮ እንዳይወዛወዝ የተደረገበት። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው "ጥሩ ከሆነ ሁሉንም ኤልኤንኤ ላድርገው" ብሎ ነው። ሙሉ በሙሉ ኤልኤንኤ የሆነ ክር ቦዩ ውስጥ መግባት እምቢ ይላል። በየሁለት በየሦስት ቤዙ ጣል ማድረግ ነው የሚሻለው። በርበሬ አብዝቶ ወጥ እንደማበላሸት ነው ነገሩ።

በ1987 ባለሦስት ክርን እንደ መሣሪያ የጀመሩት ሁለቱ ሥራዎች በዚህ ዓይነቱ ክር ነው የተነሱት። ካሊፎርኒያ ላይ ሄንዝ ሞዘርና ፒተር ደርቫን ጫፉ ላይ ብረት ያሰረ ኢዲቲኤ ለጥፈው ድርቡን ዲኤንኤ በመረጡት ቦታ ላይ ቆረጡት። ፓሪስ ላይ የክሎድ ኤሌን ቡድን በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ኢዲቲኤ እኔን ጄል ላይ ጉድ እንደሠራኝ ሁሉ እዚያ ጀግና ነበር።

የእኔ ፍርድ፦ ሥራችሁ ቱቦ ውስጥ ከሆነ፣ ፒኤቹን እናንተ የምትወስኑ ከሆነ፣ ዒላማውም አ የበዛበት ከሆነ፣ ሌላ አትፈልጉ። ለጀማሪም የምመክረው ይህንኑ ነው። ፒኤቹን ከፍና ዝቅ አድርጋችሁ ክሩ ሲገባና ሲወጣ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

የፕዩሪን ክር፦ አሲድ አይፈልግም፣ ፖታሲየም ግን ይፈራል

ይኼ ከጉዋኒንና ከአዴኒን ይሠራል። በጉ ፊት ጉ፣ በአ ፊት አ። አቅጣጫው ግን ይገለበጣል። ከፕዩሪኑ ክር ጋር ተቃራኒ ነው የሚሄደው፤ አያያዙም የተገለበጠ ሁግስቲን ይባላል። ስለዚህ ዒላማችንን ከቀኝ ወደ ግራ እናነባታለን፦

ጉአጉአአጉአአአጉጉአጉአአ

ይቺን ሳትገለብጡ ካዘዛችሁ ገንዘባችሁን ጣላችሁ። ከእኔ ስህተት ቀጥሎ በብዛት የማየው ስህተት ይህ ነው። ድርጅቶች ኦሊጎ (የምታዙት አጭር ክር) ሁሉ ከ5 ፕራይም ተነስቶ እንደተጻፈ ነው የሚቆጥሩት። የቱ ጫፍ የቱ እንደሆነ ሳትጽፉ አትላኩ።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ፕሮቶን አይጠይቅም፤ በፒኤች 7 እንደልቡ ይሠራል። ማግኒዚየም ግን የግድ ነው። ላብ ውስጥ 10 ሚሊሞላር መጨመር የተለመደ ነው። ሴል ውስጥ ያለው ነጻ ማግኒዚየም ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው።

ትልቁ መከራ ፖታሲየም ነው። ጉዋኒን የበዛበት ነጠላ ክር ፖታሲየም ሲያገኝ በራሱ ላይ ይታጠፋል። አራት አራት ጉዋኒኖች አደባባይ ሠርተው ይደራረባሉ፣ ፖታሲየሙ መሃል ይገባል። ባለአራት ክር ይሆናል ማለት ነው። ሦስተኛ ክር ስትጠብቁ አራተኛ ላይ ሄዶ ያርፋል! ሴል ውስጥ ደግሞ 140 ሚሊሞላር ገደማ ፖታሲየም አለ። ስለዚህ ሶዲየም ባፈር ውስጥ ቆንጆ ሆኖ የታየ የፕዩሪን ክር ሴል ሲገባ ድራሹ ይጠፋል። ጉዋኒኖቹን በከፊል በ6-ታዮጉዋኒን መተካት ይህን መታጠፍ ያዳክማል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ዋጋውን መቻል ነው እንጂ።

ይህን የምትመርጡት ዒላማችሁ ጉ የበዛበት ሲሆን ነው። ጉ በጉ ላይ ያለው አያያዝ ከአ በአ ይጠነክራል። የእኛ 15 ቤዝ ላይ 9ኙ አ ስለሆኑ ለዚህች ዒላማ የፕዩሪን ክር አላዝም።

የጉ-ታ ክርስ?

በጉ ፊት ጉ፣ በአ ፊት ታ። ፕሮቶን አይፈልግም፤ ወደ ባለአራት ክር የመታጠፍ ዕድሉም በተራው ይወሰናል። ጣጣው አቅጣጫው ነው። ጉ እና ታ ስንት ጊዜ እንደሚፈራረቁ እየታየ አንዳንዴ በአንድ አቅጣጫ፣ አንዳንዴ በተቃራኒ ይቀመጣል። ሁለቱንም አዝዞ መሞከር ያስፈልጋል። ጊዜና ገንዘብ ያለው ይሞክረው፤ እኔ ሁለቱ ሲያቅቱኝ ብቻ ነው የምሄድበት።

ፒኤንኤ፦ እንግዳ ሳይሆን ወራሪ

በ1991 ፒተር ኒልሰን፣ ሚካኤል ኤግሆልም፣ ሮልፍ በርግና ኦሌ ቡቻርት ኮፐንሃገን ላይ ያልተጠበቀ ነገር ሠሩ። የዲኤንኤን ስኳርና ፎስፌት ሙሉ በሙሉ ጣሉት። በቦታው ፕሮቲንን የሚመስል የአሚድ ሰንሰለት አስገቡ። ቤዞቹ ያው ናቸው፤ ሙሌት ግን የለም። ስሙ ፒኤንኤ ነው።

ሐሳቡ ሦስተኛ ክር ሆኖ ቦዩ ውስጥ እንዲጋደም ነበር። አልተጋደመም። ድርቡን ዲኤንኤ በርግዶ ገባ! አንዱ የፒኤንኤ ክር ፕዩሪኑን በዋትሰንና ክሪክ መንገድ ያዘው፣ ሁለተኛው ፒኤንኤ በሁግስቲን በኩል ደገፈው፣ የዲኤንኤው የራሱ ሌላኛው ክር ተገፍቶ ብቻውን ቀረ። እዚህ ሦስቱ ክሮች አንድ ዲኤንኤና ሁለት ፒኤንኤ ናቸው ማለት ነው።

ይህ ነገር ለምን እንደሚጠነክር ለመገመት አይከብድም። ፎስፌቶች የሚገፋፉበት ምክንያት የለም፤ ከሦስቱ ክር ሙሌት ያለው አንዱ ብቻ ነው። 10 ታይሚን ያለው ፒኤንኤ 10 አዴኒን ካለው ዲኤንኤ ጋር ሲያያዝ ለመለያየት ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይፈልጋል። ያው 10 ታይሚን ተራ ዲኤንኤ ቢሆን የክፍል ሙቀት አካባቢ ይፈታል። ኑክሊየዝ (ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም) አይቆርጠውም፣ ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይምም አያውቀውም።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ፒኤንኤ አይጠቀምም? አንደኛ፣ ለመግባት ጨው ይጠላል። ድርቡ ዲኤንኤ ትንሽ መተንፈስ፣ መከፈት አለበት፤ ጨው ሲበዛ ግን ክሮቹ ተጣብቀው አይከፈቱም። አንዴ ከገባ በኋላ ጨው ቢጨመር አይወጣም። ስለዚህ በትንሽ ጨው አስገብቶ ከዚያ ጨው መጨመር የተለመደ ዘዴ ነው። ሁለተኛ፣ ሙሌት ስለሌለው ውሃ ውስጥ ይቋጠራል። ጫፉ ላይ ላይሲን (አዎንታዊ ሙሌት ያለው አሚኖ አሲድ) መለጠፍ ይረዳል። ሦስተኛ፣ በራሱ ሴል ውስጥ አይገባም። በሁግስቲን በኩል ያለው ክር ላይ ሳይቶሲን ካለም የፕሮቶን ጣጣው ይከተለዋል። ለዚህ ግን ሱዶአይሶሳይቶሲን የሚባል ምትክ አለ። ፕሮቶኑን አስቀድሞ ይዞ የተወለደ ሳይቶሲን በሉት።

ሁለቱን የፒኤንኤ ክሮች በተጣጣፊ ማያያዣ አንድ አድርጎ እንደ መቆንጠጫ ማዘዝም ይቻላል። እኔ የምመክረው ይህንን ነው፤ ሁለት ለየብቻ የሚዋኙ ክሮች እስኪገናኙ ከመጠበቅ።

ሕያው እንስሳ ላይ ከተሠሩት ውስጥ የምወደው በ2016 የታተመው ሥራ ነው። ዬል ያለው የፒተር ግሌዘር ቡድን ከተባባሪዎቹ ጋር የተሻሻለ ፒኤንኤን ከለጋሽ ዲኤንኤ ጋር በናኖ ቅንጣት አሽጎ ቤታ ታላሴሚያ (በዘር የሚተላለፍ ደም ማነስ) ላለባቸው አይጦች ሰጠ። ባለሦስት ክሩ የሴሉን የጥገና ሠራተኞች ይጠራል። ጠጋኞቹ ሲመጡ ለጋሹን ዲኤንኤ እንደ ንድፍ ይጠቀማሉ። የአይጦቹ ደም ማነስ ተስተካከለ። እንግዳው ራሱ ምንም አልቆረጠም፤ ሰው እንዲሰበሰብ ብቻ አደረገ።

የማይታዘዘው፦ ኤች-ዲኤንኤ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ክር ነው። ዲኤንኤ ግን ሦስተኛውን ክር ከራሱ ሊያወጣ ይችላል። በ1986 እና በ1987 ሞስኮ ላይ ሰርጌይ ሚርኪን፣ ቪክቶር ልያሚቼቭና ማክሲም ፍራንክ-ካሜኔትስኪ ይህንን አሳዩ፤ ቅርጹ ኤች-ዲኤንኤ ይባላል። ሰዎች ከዚያ በፊትም ነጠላ ክር ብቻ የሚቆርጠው ኤስ-1 ኑክሊየዝ አንዳንድ ቦታ ላይ ድርብ ነው የተባለውን ዲኤንኤ ሲቆርጥ እያዩ ግራ ይጋቡ ነበር።

ለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ አንዱ ክር በሙሉ ፕዩሪን ሆኖ ተራው የመስታወት ድግምግሞሽ መሆን አለበት። ከመሃል ተነስታችሁ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ስታነቡ ያው ፊደል ይመጣል፦

አአጉአጉ ጉአጉአአ

ሁለተኛ፣ ዲኤንኤው ከልክ በላይ ወደ መፈታት አቅጣጫ የተጠመዘዘ መሆን አለበት፣ ክብ ፕላዝሚድ (ትንሽ የባክቴሪያ ዲኤንኤ) እንደሚሆነው። በዚያ ውጥረት ግማሹ ይከፈትና አንዱ ክር እንደ ክርን ታጥፎ የሌላኛው ግማሽ ቦይ ውስጥ ይተኛል። የታጠፈው ፒሪሚዲኑ ከሆነ አሲድ ይፈልጋል። ፕዩሪኑ ከሆነ ማግኒዚየም ወይም ዚንክ። ከላይ የቆጠርናቸው ደንቦች ሁሉ እዚህም ይሠራሉ። ብቻውን የቀረው ግማሽ ክር ነው ኤስ-1 የሚያገኘው።

ይህን የምትመርጡት ለመሣሪያ አይደለም፤ በሽታን ለማጥናት ነው። ፍሪድራይክ አታክሲያ የሚባለው የነርቭ ሕመም ላይ በፍራታክሲን ዘረመል የመጀመሪያ ኢንትሮን (ለፕሮቲን የማይነበብ ክፍል) ውስጥ ጉአአ፣ ጉአአ፣ ጉአአ እያለ የሚደጋገም ተራ አለ። ጤነኛ ሰው ላይ ከ33 ጊዜ በታች ነው። ሕሙማን ላይ መቶዎች ይደርሳል፣ አንዳንዴም ከሺህ ያልፋል። ዘረመሉ ይደክማል፤ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ እዚያ የሚሠራው ባለሦስት ክር ነው። ካረን ቫስኬዝና ጓደኛዋ በ2004 ደግሞ ከሰው የሲ-ሚክ ዘረመል የተወሰደ ኤች-ዲኤንኤ የሚሠራ ተራ ምንም ሳይጨመርበት፣ ብቻውን፣ በአጥቢ ሴል ውስጥ ሚውቴሽንን እንደሚጨምር አሳይተዋል።

እንዲህ ያለ ተራ ፕላዝሚዳችሁ ውስጥ ካለ ፕላዝሚዱን በኢንዛይም ቆርጣችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አትፈትሹት። ውጥረቱ ሲፈታ ቅርጹም ይፈታል። "የለም" ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ እናንተው ገድላችሁት።

ወይስ ባይሆንስ?

ሐቀኛ መመሪያ ይህንንም መጠየቅ አለበት። ዓላማችሁ በቃ አንድ ዘረመል መቁረጥ ከሆነ ክሪስፐርን (በአርኤንኤ እየተመራ ዲኤንኤን የሚቆርጠውን መሣሪያ) ተጠቀሙ። ከ2012 ወዲህ ነገሩ አልቋል። ዒላማው ፕዩሪን ብቻ መሆን አይጠበቅበትም፣ ፒኤች አያስጨንቅም፣ መሪውን አርኤንኤ መንደፍ የደቂቃዎች ሥራ ነው። በ2023 መጨረሻ በክሪስፐር የተሠራ የማጭድ ቅርጽ ደም ማነስ ሕክምና ፈቃድ አግኝቷል። ከሦስተኛ ክር የተሠራ መድኃኒት ግን ፋርማሲ ውስጥ የለም።

ሦስተኛው ክር የሚበልጥበት ቦታ ሌላ ነው። ምንም ሳይቆርጥ ዘረመሉ ላይ መቀመጥ ሲፈለግ። አንድን ኬሚካል በትክክል አንድ ቦታ ላይ ማድረስ ሲፈለግ፤ ለምሳሌ ጫፉ ላይ ሶራለን ተለጥፎ፣ 365 ናኖሜትር ብርሃን ሲበራበት፣ ታአ ባለበት ቦታ ላይ ሁለቱን ክሮች አጣብቆ የሚያስርበት ዘዴ አለ። ወይም ሰውነት ራሱ የሚሠራቸውን ባለሦስት ክሮች ማወቅ ሲፈለግ። ማላት-1 የሚባለው ረጅም አርኤንኤ የተለመደው የአ ጭራ የለውም። ጫፉን በባለሦስት ክር ቋጥሮ ከመበላት ይተርፋል። የዚህ ቋጠሮ ክሪስታል በ2014 ታትሟል፤ ስዕሉን ሳየው ሁልጊዜ የሰው እጅ ያሰረው ይመስለኛል።

መግባቱን እንዴት ታያላችሁ?

ሦስት መንገድ አለ፤ ምርጫው እዚህም አያልቅም። ማሞቅና ብርሃን ሲመጠጥ ማየት ርካሽ ነው። በ260 ናኖሜትር ሁለት ደረጃ ካያችሁ የመጀመሪያው ሦስተኛው ክር ሲወጣ ነው፣ ሁለተኛው ድርቡ ሲለያይ። ሳይቶሲን ያለበት ከሆነ 295 ላይም እዩት፣ ፕሮቶኑን ሲለቅ ይታያል። ሁለቱ ደረጃዎች ተደራርበው አንድ የሚመስሉበት ጊዜ ግን አለ። በዲኤንኤዝ-1 የእግር አሻራ መፈለግ (ኢንዛይሙ ክሩ የሸፈነውን ቦታ አይቆርጥም) ትክክለኛውን ቦታ ያሳያችኋል፤ ልፋቱ ብዙ ነው፣ ለጽሑፍ የምታሳትሙት ከሆነ ግን ጠንካራ ማስረጃ ነው። ለዕለት ሥራ ጄል ይበቃል።

ለዚያች 15 ቤዝ ዒላማ እኔ ዛሬ የማዝዘው የፒሪሚዲኑን ክር ነው፣ ሳይቶሲኖቹ ሁሉ 5-ሜቲል ሆነው። ከጎኑ ፊደሎቹ የተበወዙበት አንድ መቆጣጠሪያ ክር። ጄሉን በትሪስ-አሴቴት፣ ፒኤች 5.5፣ 10 ሚሊሞላር ማግኒዚየም እሠራዋለሁ፤ ማግኒዚየሙ ጄሉ ውስጥም መሮጫ ባፈሩ ውስጥም አለ። ኢዲቲኤ አጠገቡ አይደርስም፣ የመጫኛ ቀለሙም ውስጥ ቢሆን፤ ብዙዎቹ የሚሸጡ ቀለሞች ውስጥ ስላለ ጠርሙሱን አንብቡ። ቀዝቃዛው ክፍል፣ 4 ዲግሪ፣ ቮልቴጁ ዝቅ ብሎ። ባፈሩን በየጊዜው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው አዘዋውራለሁ፣ ሲሮጥ ፒኤቹ በሁለቱ ጫፍ እንዳይለያይ። አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ካፖርት ይዛችሁ ግቡ።